ፎቶግራፍን ከነመግለጫው ስለ መያዝ

በዛሬው የንግድ አሠራር ፎቶግራፍ እንደ ደብዳቤና እንደ ኢንቮይስ ሁሉ ከዕለት ተዕለት የሥራ ሰነዶች አንዱ ሆኗል። ቡና ላኪው የናሙናውን መልክና በጆንያው ላይ የተጻፈውን ምልክት፥ አስመጪው ከኮንቴይነር የወጣውን ዕቃ ሁኔታ፥ ባለሱቁም በመደርደሪያው ላይ ያለውን ሸቀጥ በእጅ ስልኩ አንሥቶ ለደንበኛው ይልካል። ቀድሞ አንድ ሙሉ ገጽ ደብዳቤ ይፈጅ የነበረው ገለጻ አሁን በአንድ ምስል ይፈጸማል። ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ መቼ፥ የትና በማን እንደ ተነሣ፥ የየትኛውም ጭነት እንደ ሆነ ካልታወቀ፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ላነሣው ሰው እንኳ እንግዳ ይሆናል። ምልክት የሌለው ጆንያ በመጋዘን ውስጥ ባለቤቱን እንደሚያጣ ሁሉ፥ መግለጫ የሌለው ፎቶግራፍም በዶሴ ውስጥ ጉዳዩን ያጣል።

ነገሩ ጽሕፈት ቤትን በሥርዓት ከመያዝ አልፎ ገንዘብ የሚያስገኝና የሚያሳጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በብራስልስ በተፈረመው የባሕር ጭነት ስምምነት መሠረት፥ በጭነቱ ላይ የደረሰው ጉዳት በግልጽ የማይታይ ሲሆን ተረካቢው በ3 ቀን ውስጥ ለአጓጓዡ በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባዋል። ይህን ባያደርግ ዕቃውን በደኅና እንደ ተረከበ ይገመትና ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ ክሱም በ1 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ አጓጓዡ ከኃላፊነት ነጻ ይሆናል። እንግዲህ እርጥበት ያገኘውን ካርቶን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በርክክቡ ዕለት ስለ መነሣቱ የሚታመን መግለጫ ካለው፥ በኢንሹራንስና በአጓጓዥ ፊት ክብደት ይኖረዋል። ቀኑ ካልታወቀ ግን ተከራካሪው ወገን፥ «ጉዳቱ የደረሰው ዕቃው ከመጋዘናችሁ ከገባ በኋላ ነው» ቢል የሚሰጠው መልስ ደካማ ይሆናል።

ስለዚህ የፎቶግራፍ መግለጫ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት በፋይሉ ውስጥ እንደሚጻፍ፥ በምን ምክንያት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል። ከዚህ ቀጥሎ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግለጫው ምን እንደ ሆነ

በፊልም ዘመን ጋዜጦችና ፎቶግራፍ ቤቶች የሥዕሉን መግለጫ በታተመው ወረቀት ጀርባ በእርሳስ ይጽፉ ወይም በታይፕ የተመታ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፉበት ነበር። የዲጂታል ፎቶግራፍ ጀርባ የለውም። በዚህ ፈንታ ጽሑፉ በራሱ በፋይሉ ውስጥ፥ ብዙውን ጊዜ ከምስሉ ቀድሞ በሚገኝ ክፍል ይቀመጣል። ባለሙያዎች ይህን ጽሑፍ ሜታዳታ ይሉታል፤ ትርጉሙም ስለ መረጃው የሚናገር መረጃ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ መግለጫ እየተባለ ይጠራል። ምስሉን በሚያይ ሰው ፊት አይታይም፤ ተፈልጎ ሲከፈት ግን ይነበባል።

በሥራ ላይ ያሉት ዋና ዋና የመግለጫ ዓይነቶች ሦስት ናቸው።

1ኛ/ ኤክሲፍ የተባለው፥ ካሜራው ወይም ስልኩ ያለ ሰው ትእዛዝ ራሱ የሚጽፈው ነው። ደንቡ በ1995 በጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር የወጣ ሲሆን፥ ካሜራውን የሠራው ፋብሪካ ስምና ሞዴል፥ ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፥ የብርሃኑ መጠንና የመሳሰለው ይመዘገብበታል። የቦታ ማመልከቻው ክፍት ከሆነም ኬክሮሱና ኬንትሮሱ አብሮ ይጻፋል።

2ኛ/ አይ.ፒ.ቲ.ሲ. የተባለው፥ በ1965 በለንደን የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የፕሬስ ቴሌኮሙኒኬሽን ምክር ቤት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዜና ድርጅቶች ያዘጋጀው ነው። ይህን የሚጽፈው ሰው ነው። አርእስት፥ የሥዕሉ ማብራሪያ፥ ያነሣው ሰው ስም፥ የመብቱ ባለቤት፥ ከተማና አገር እየተለየ የሚሞላበት ቦታ አለው። ለጋዜጣ የታሰበ ቢሆንም ለንግድ ሰነድም ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ቅጽ የለም።

3ኛ/ ኤክስ.ኤም.ፒ. የተባለው፥ አዶቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2001 ያወጣውና በ2012 ዓለም አቀፍ የደረጃ መለኪያ ሆኖ የጸደቀው ነው። የአይ.ፒ.ቲ.ሲ.ን መግለጫዎች በውስጡ ስለሚቀበል በአሁኑ ጊዜ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በዚህ ይጠቀማሉ።

ይህ ልዩነት በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ተግባራዊ ትርጉም አለው። የቀድሞው የአይ.ፒ.ቲ.ሲ. አጻጻፍ ለእያንዳንዱ መግለጫ የተወሰነ ስፋት ነበረው፤ ለአንሺው ስም የተሰጠው 32 ባይት ብቻ ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲፈጅ፥ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል፤ ስለዚህ በዚያ ቦታ ከ10 የግእዝ ፊደላት በላይ አይገቡም፤ የሰውና የአባቱ ስም አብረው ሲጻፉ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ይቆረጣል። ኤክሲፍም ቢሆን አብዛኞቹን የጽሑፍ ቦታዎች ለመሠረታዊ የላቲን ፊደላት ብቻ ወስኖ ቆይቶ፥ ለሌሎች ፊደላት የሚያመች አጻጻፍ የተጨመረበት በ2023 በወጣው 3ኛ እትም ነው። ኤክስ.ኤም.ፒ. ግን ከመነሻው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ክፍት ነው። ከዚህ የተነሣ አማርኛውን በማብራሪያው ቦታ በሙሉ ጽፎ፥ የድርጅቱን ስምና የዶሴውን ቁጥር ደግሞ በላቲን ፊደል መድገም የተሻለ ጥንቃቄ ነው። የውጭ አገር ደንበኛም በዚሁ መንገድ ያነበዋል።

ምን ምን ይጻፍ

ብዙ ነጋዴዎች መግለጫ ሲባል «ቡና» ወይም «የተበላሸ ዕቃ» ብሎ መጻፍ የሚበቃ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው ቃል ምስሉ ራሱ የሚናገረውን ከመድገም አያልፍም። መግለጫው ሊነግር የሚገባው ምስሉ ሊያሳይ የማይችለውን ነው።

እንበልና አንድ አስመጪ ከጂቡቲ በመጣ ኮንቴይነር ውስጥ ጉዳት አገኘ። የማብራሪያው ቃል እንደሚከተለው ቢሆን ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው እንኳ ግልጽ ነው፦ «በሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነሩ ሲከፈት በስተግራ ባለው ግድግዳ በኩል እርጥበት የነካቸው 14 ካርቶኖች። የማሸጊያው ቁጥር ሳይቆረጥ በፎቶግራፍ ቁጥር 1 ይታያል። የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ከ30። የመጋዘን ኃላፊውና ትራንዚተሩ ባሉበት የተነሣ።» በዚህ ላይ 4 ፊደላትና 7 አኃዞች ያሉት የኮንቴይነሩ ቁጥር፥ ቢል ኦፍ ሌዲንግ የተባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ ቁጥርና የጽሕፈት ቤቱ ዶሴ ቁጥር ይጨመራል።

የመፈለጊያ ቃላት በሚባለው ቦታ ደግሞ ዕቃውን ለማግኘት የሚረዱ አጫጭር ቃላት ይጻፋሉ። የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር ለዚህ እጅግ ይመቻል፤ ለምሳሌ 0901.11 ተብሎ ከተጻፈ ያልተቆላና ካፌይኑ ያልወጣለት ቡና መሆኑን በየትኛውም አገር ያለ የንግድ ሰው ያውቀዋል። የዚህ ጥቅሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይታያል፤ በኮምፒውተር ውስጥ በተከማቹ ሺህ ፎቶግራፎች መካከል የአንዱን ጭነት ሥዕሎች ለይቶ ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ይሆናል።

ለመጻፍ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዊንዶውስ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፥ ከዚያም «ዲቴይልስ» የሚለውን በመክፈት አርእስቱን፥ የመፈለጊያ ቃላቱን፥ የአንሺውን ስምና የመብቱን ባለቤት መሙላት ይቻላል። ብዙ ሥዕል ላለው ድርጅት ዲጂካም የተባለው ፕሮግራም፥ ጥቂት የኮምፒውተር ዕውቀት ላለው ጸሐፊ ደግሞ ፊል ሃርቪ የተባሉት ካናዳዊ ከ2003 ጀምሮ የሚያሰናዱት ኤክሲፍቱል አለ፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የድርጅቱ ስም፥ አድራሻና የመብት ቃል ለሁሉም ሥዕል አንድ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ በቅጽ ተዘጋጅቶ በብዙ ፎቶግራፎች ላይ በአንድ ትእዛዝ ሊጻፍ ይችላል።

ለማስታወቂያ ሥራ ባለሙያ ፎቶግራፍ አንሺ የቀጠረ ነጋዴ አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ጥሬ ፋይል ላይ መግለጫው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ተመሳሳይ ስም ባለው ሌላ ትንሽ ፋይል ነው። ሁለቱ ተነጣጥለው ከተገለበጡ ሥዕሉ ይመጣል፥ ጽሑፉ ይቀራል። ስለዚህ ሲረከብ ሁለቱንም መረከቡን ያረጋግጥ።

ስለ ቀንና ሰዓት

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ነጋዴ ከመግለጫዎቹ ሁሉ ይበልጥ ስሕተት የሚያስከትለው የቀን አጻጻፍ ነው። ካሜራው የሚመዘግበው በአውሮፓውያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰውን የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ከ30 ካሜራው እንደ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2025፥ 14 ሰዓት ከ30 አድርጎ ይጽፈዋል። ጸሐፊው በማብራሪያው ላይ በአኃዝ ብቻ 03/06/2017 ብሎ ቢጽፍ፥ የአውሮፓ ገዢ ጁን 3 ቀን 2017፥ የአሜሪካ ገዢ ደግሞ ማርች 6 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። አንድ ፋይል በውስጡ ስምንት ዓመት ያህል የሚለያዩ ሁለት ቀኖች ተሸክሞ ተገኘ ማለት ነው። ማንኛውም ተከራካሪ ይህን አይቶ ሰነዱ ተነካክቷል ለማለት ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ «ዓ.ም.» አይቀር፤ የአውሮፓውያኑም ቀን በአጠገቡ ይጨመር።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። በኤክሲፍ ደንብ ውስጥ ሰዓቱ ከግሪንዊች ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጻፍበት ቦታ የተጨመረው በ2016 በወጣው እትም ሲሆን፥ ከዚያ በፊት የተሠሩ ካሜራዎች ሰዓቱን እንጂ የማን አገር ሰዓት እንደ ሆነ አይገልጹም። የአዲስ አበባ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት፥ የቻይና በ8 ሰዓት ስለሚቀድም፥ አቅራቢው ከጓንግዦው የሚልከው የጭነት ፎቶግራፍ ከአዲስ አበባው በ5 ሰዓት ቀድሞ ይታያል። ይህን የማያውቅ ሰው ዕቃው ክፍያው ከመድረሱ በፊት ተጭኗል ወይም ዘግይቷል ብሎ በከንቱ ሊከራከር ይችላል። የእጅ ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለሚወስድ ብዙውን ጊዜ አይሳሳትም፤ ካሜራ ግን ባትሪው ለረጅም ጊዜ ከተዳከመ ወደ ፋብሪካው ቀን ሊመለስ ስለሚችል ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት መመልከት ያሻል።

ደግሞም በኮምፒውተሩ ዝርዝር ላይ የሚታየው የፋይል ቀን ሌላ፥ በፋይሉ ውስጥ ያለው የተነሣበት ቀን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ፋይሉ በተገለበጠ ወይም በተላከ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በሚገባ ሲገለበጥ አብሮ ይሄዳል። ለማስረጃ የሚጠቀሰው ሁለተኛው ነው።

መግለጫው እንዴት እንደሚጠፋ

መግለጫ በጥንቃቄ ተጽፎ ሳለ ሳይታወቅ የሚጠፋባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ዋናው የመልእክት መላኪያ ነው። ዋትስአፕና ቴሌግራም አንድን ፎቶግራፍ በፎቶግራፍነቱ ሲልኩት መጠኑን ያሳንሱታል፤ በውስጡ ያለውንም ጽሑፍ ያወጡታል። የሚደርሰው ምስል ለዓይን አንድ ዓይነት ቢመስልም ቀን፥ ቦታና ስም የለበትም። የፕሬሱ ምክር ቤት በ2013፥ በ2016ና በ2019 የማኅበራዊ መገናኛዎችን አሠራር መርምሮ ብዙዎቹ መግለጫውን በሙሉ ወይም በከፊል እንደሚያጠፉ አስታውቋል። ስለዚህ መግለጫው እንዲደርስ የሚፈለግ ከሆነ ፎቶግራፉ በዚያው መልእክት መላኪያ «ዶክዩመንት» ወይም «ፋይል» ተብሎ ይላክ፤ ወይም ከኢሜይል ጋር ሳይታነስ ይያያዝ።

ሁለተኛው መንገድ የስልኩን ገጽ ማንሣት ነው። ብዙ ሰዎች የደረሳቸውን ሥዕል ለማስቀመጥ ስክሪንሾት ያነሣሉ። የሚገኘው አዲስ ሥዕል ነው፤ የሚሸከመውም የራሱን ቀን እንጂ የዋናውን ቀን አይደለም። ሦስተኛው፥ አንዳንድ የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራሞች ፋይሉን ለኢንተርኔት ሲያዘጋጁ ክብደቱን ለመቀነስ ሲሉ ጽሑፉን መተዋቸው ነው። አራተኛውና ከሁሉ የከፋው ፎቶግራፉ በአንድ ሠራተኛ ስልክ ላይ ብቻ መቅረቱ ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅ ወይም ስልኩ ሲጠፋ የድርጅቱ ማስረጃ አብሮ ይሄዳል።

ከድርጅቱ መውጣት የማይገባው

መግለጫ መኖሩ ሁልጊዜ የሚጠቅም አይደለም፤ ለማን ምን እንደሚላክ መለየት ያስፈልጋል። በዲሴምበር 2012 የኮምፒውተር ቫይረስ መከላከያ በመሥራት የታወቁት ጆን ማካፊ በቤሊዝ ፖሊስ ለምርመራ ይፈለጉ በነበረበት ጊዜ፥ ቫይስ የተባለ መጽሔት ከእርሳቸው ጋር የተነሣውን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት አወጣ። በእጅ ስልክ የተነሣው ሥዕል የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በውስጡ ይዞ ስለ ነበር፥ ሰውዬው በጓቲማላ እንዳሉ ለማንም ተመልካች ታወቀ።

ነጋዴም በዚሁ መንገድ የማይፈልገውን ምስጢር ሊገልጽ ይችላል። የመጋዘኑን ዕቃ አንሥቶ ለማስታወቂያ ያወጣ ባለሱቅ ብዙ ሸቀጥ የት እንደ ተከማቸ ለሌባ ነገረ ማለት ነው። የእርጥብ ቡና ማጠቢያውን ሥዕል ያወጣ ላኪም ምርጥ ቡናውን ከየትኛው ቀበሌ እንደሚገዛ ለተወዳዳሪው አመለከተ ማለት ነው። በፎቶግራፉ መግለጫ የሰው ስምና የስልክ ቁጥር ተጽፎ እንደ ሆነም፥ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ በግዴለሽነት መበተን አይገባም። የቦታውን መግለጫ ለማንሣት በዊንዶውስ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ የግል መረጃን የሚያስወግድ ትእዛዝ ይገኛል፤ በአይፎን ስልክ ደግሞ ፎቶግራፉ ሲላክ «ኦፕሽንስ» በሚለው ገብቶ ቦታውን ማስቀረት ይቻላል።

ቦታው የሚፈለግበትም ጊዜ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ፥ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲገለጽ፥ አኃዙም ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 ቤት እንዲኖረው ያዛል፤ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀንም ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። በስልክ የተነሣ የእርሻ ፎቶግራፍ በደንቡ የታዘዘውን መግለጫ ሊተካ አይችልም፤ ሆኖም የተመዘገበው ቁጥርና የእርሻው መልክ መስማማታቸውን ለላኪው ራሱ ለማረጋገጥ ይረዳዋል። ስለዚህ ለእርሻ ጉብኝት የሚወጣ ሠራተኛ የቦታ ማመልከቻውን ይክፈት፤ ለማስታወቂያ የሚያነሣ ግን ይዝጋው።

የመብት ባለቤትነት መግለጫ ግን ከሚወጣው ቅጂ ላይ መነሣት የለበትም። ጉግል የተባለው የመፈለጊያ ድርጅት ከ2018 ጀምሮ በሥዕል ገጹ ላይ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የአንሺና የባለመብት ስም ያሳያል። በ1996 የተፈረመው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነትም ፈራሚ አገሮች እንዲህ ያለውን የመብት መግለጫ እያወቀ የሚያነሣውን ሰው የሚከለክል ሕግ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። የራሱን ሸቀጥ በገንዘቡ አስነሥቶ ሥዕሉን በሌላ ነጋዴ ማስታወቂያ ላይ ያገኘ ሰው፥ ስሙ በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ ለአቤቱታው መነሻ አለው።

ለማስረጃነት የሚበቃው መቼ ነው

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊስተው የማይገባ ነገር አለ። መግለጫውን ለመጻፍ የሚያገለግለው መሣሪያ ለመለወጥም ያገለግላል። የተነሣበትን ቀን ማሻሻል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ «ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ1996 ያወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ አርአያ ሕግ፥ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ክብደት ሲመዘን የተዘጋጀበት፥ የተቀመጠበትና ሳይለወጥ የተጠበቀበት መንገድ ምን ያህል እንደሚታመን እንዲታይ ይላል። በኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የሚመዘነው እንግዲህ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን አጠባበቁ ነው።

አለመለወጡን ለማሳየት የሚያገለግል ቀላል ዘዴ የፋይል አሻራ ነው። ኤስ.ኤች.ኤ. 256 የተባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል ላይ 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉት አንድ ምልክት ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ምልክቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሰርትዩቲል የተባለው ይህን የሚያወጣ ትእዛዝ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይገኛል። ፎቶግራፉ በተነሣበት ዕለት ይህ ምልክት ለኢንሹራንስ ኩባንያው ወይም ለአቅራቢው በኢሜይል ከተላከ፥ ፋይሉ በዚያ ቀን እንደ ነበረና ከዚያ ወዲህ እንዳልተነካ በሌላ ወገን እጅ ምስክር ተቀመጠ ማለት ነው።

ነገር ግን መግለጫ መጻፍ ራሱ ፋይሉን ይለውጠዋል፤ አሻራውም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ መጻፍና መጠበቅ በአንድ ፋይል ላይ አይሆኑም። ከካሜራው የወጣው ዋናው ፋይል ምንም ሳይጻፍበት ይቀመጣል፤ መግለጫው የሚጻፈው ከእርሱ በተገለበጠ የሥራ ቅጂ ላይ ነው። ብዙ ቅን ነጋዴዎች ሥዕሉን ለማብራራት ሲሉ በዋናው ላይ ጽፈው፥ አዙረውና ጠርዙን ቆርጠው፥ በኋላ ያልተነካ ዋና ሲጠየቁ የሚያቀርቡት አያገኙም።

ከዚህ የላቀ ዘዴም እየመጣ ነው። አዶቢ፥ ማይክሮሶፍት፥ ኢንቴል፥ ቢ.ቢ.ሲ.ና ሌሎች በ2021 ያቋቋሙት ሲ.ቱ.ፒ.ኤ. የተባለ ማኅበር፥ ካሜራው ራሱ ሥዕሉን በኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሚያትምበትን ደንብ አውጥቷል፤ የጀርመኑ ላይካ በ2023 ይህን የያዘ ካሜራ ለገበያ አቅርቧል። ይህ ዘዴ ወደ ተራው ነጋዴ እጅ እስኪገባ ድረስ ግን የጽሕፈት ቤት ሥርዓት ሥራውን ይሠራል።

ለጽሕፈት ቤት የሚመች አሠራር

ከላይ የተዘረዘረው በተግባር ሲውል በሚከተሉት ሰባት ነጥቦች ይጠቃለላል።

1ኛ/ ከማንሣት በፊት የካሜራው ቀንና ሰዓት ይታይ።

2ኛ/ ለክርክር ሊቀርብ የሚችል ዕቃ ሲነሣ የዶሴው ቁጥርና ቀኑ በጉልህ የተጻፈበት ወረቀት ከዕቃው አጠገብ ተይዞ በሥዕሉ ውስጥ ይግባ። ይህ ጽሑፍ የምስሉ አካል ስለ ሆነ በዋትስአፕ ቢላክም አይጠፋም።

3ኛ/ ፋይሎቹ በዚያው ዕለት ከስልኩ በኬብል ወይም በፋይልነት ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተር ይገልበጡ፤ ዋናዎቹ ለብቻ በተለየ ሣጥን ተቀምጠው እንዳይጻፍባቸው ይዘጉ።

4ኛ/ የዋናዎቹ አሻራ ወጥቶ በመዝገብ ይጻፍ፤ ከፍ ያለ ዋጋ ላለው ጭነት ለሚመለከተው ወገንም በዕለቱ ይላክ።

5ኛ/ በሥራው ቅጂ ላይ መግለጫው በሙሉ ይሞላ፤ በመዝገቡም የፋይሉ ስም፥ የአንሺው ስምና የዶሴው ቁጥር ይግባ።

6ኛ/ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፥ አንዱም ከጽሕፈት ቤቱ ውጪ በሌላ ቦታ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሦስት ቅጂዎች ለአንድ እሳት አንድ ናቸው።

7ኛ/ ወደ ውጭ የሚላከው ቅጂ ታይቶ፥ የማያስፈልገው ቦታና የሰው ስም ተነሥቶ፥ የመብቱ ቃል ግን ሳይነካ ይላክ።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም የሚያስፈልገው ወጪ ከማስቀመጫው ዋጋ አያልፍም። ለአንድ ጭነት የሚነሡትን አሥር ወይም አሥራ አምስት ፎቶግራፎች ሥርዓት ማስያዝ ለለመደ ጸሐፊ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይወስድበትም። ዋናው ነገር ሥራው ለአንድ ሰው ተለይቶ መሰጠቱና በዕለቱ መፈጸሙ ነው፤ ነገ ይደረጋል የተባለ መግለጫ የሚጻፈው ከግምት ነውና። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ዕቃው ሲራገፍ ያየው ሠራተኛ ዛሬ የሚያስታውሰውን ክስ በሚቀርብበት በዓመቱ መጨረሻ አያስታውሰውም፤ በሚገባ የተጻፈና የተጠበቀ ፎቶግራፍ ግን በዚያን ጊዜም የመጀመሪያውን ቀን ቃሉን ይሰጣል።